የጆንሰንና ኤቲንገር የኤክሴል ሞዴል፦ ምኑ ይታመናል፣ ምኑ አይታመንም

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ፣ በአጭሩ ኢፒኤ፣ በነፃ የሚሰጠው አንድ የኤክሴል ፋይል አለ። የተበከለ የከርሰ ምድር ውኃ ባለበት ቦታ ላይ የተሠራ ቤት ውስጥ ምን ያህል የኬሚካል ትነት ሊገባ እንደሚችል ያሰላል። በሙያው ዓለም የሚታወቀው በቀመሩ ባለቤቶች ስም፣ የጆንሰንና ኤቲንገር ሞዴል ተብሎ ነው። ፖል ጆንሰንና ሮበርት ኤቲንገር ቀመሩን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። እዚህ የምንገመግመው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 የወጣውን 6.0 ቅጂ ነው።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ቤት ውስጥ የሚገባውን ትነት የሚወስነው የትኛው መረጃ እንደሆነ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ነፃ መሣሪያ አናውቅም። «ይህ ቤት ደህና ነው» ብሎ ለመፈረም ግን ብቻውን አይበቃም። ብዙ ሪፖርቶች የሚበላሹት እነዚህ ሁለት አገልግሎቶች ስለሚምታቱባቸው ነው።

ጉዳዩ ለምን ክብደት እንዳለው ባጭሩ፦ የብረት ቅባት ለማስለቀቅ የዋለው ትራይክሎሮኤትሊን፣ ከዚህ በኋላ ቲሲኢ የምንለው፣ እና በደረቅ እጥበት ላውንደሪ ቤቶች የሚታወቀው ፐርክሎሮኤትሊን ከውኃ ይከብዳሉ። መሬት ላይ ሲፈሱ ወደ ታች ይሰምጣሉ፣ ከከርሰ ምድሩ ውኃ ጋርም ለብዙ ዓመታት ይጓዛሉ። ሁለቱም ቶሎ የሚተኑ ስለሆኑ ትነታቸው በአፈሩ ክፍተት ሽቅብ ወጥቶ በወለል ስንጥቅና በቧንቧ ዙሪያ ባለ ቀዳዳ ቤት ይገባል። ኢፒኤ ለመኖሪያ ቤት አየር ያስቀመጠው የቲሲኢ የማጣሪያ መጠን፣ ማለትም ከሱ በላይ ሲገኝ ተጨማሪ ምርመራ የሚያስፈልግበት ቁጥር፣ ካንሰር ላልሆነው ጉዳት 2.1 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ነው፤ ከሚሊዮን አንድ ለሆነ የካንሰር ስጋት ደግሞ 0.48 ነው። አፍንጫ ሊለየው ከሚችለው እጅግ ያነሰ መጠን ነው። በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት በጽንሱ ልብ አፈጣጠር ላይ ያለው ስጋት ስለሚታሰብ፣ የዓመቱ አማካይ ዝቅ ማለቱ ብቻ አያጽናናም፤ የጥቂት ሳምንታት ከፍታም ይቆጠራል። ልብ ይባል፦ በአሜሪካ ለመጠጥ ውኃ የተፈቀደው የቲሲኢ ጣሪያ 5 ማይክሮግራም በሊትር ነው። ለትነት ሲባል ለከርሰ ምድር ውኃ የተቀመጠው የማጣሪያ መጠንም፣ ካንሰር ላልሆነው ጉዳት ሲሰላ፣ 5.2 ላይ ያርፋል። «ውኃውን ማንም አይጠጣውም» የሚለው መከራከሪያ ከላዩ ቤት ካለ አይሠራም።

ስሌቱ እንዴት ይሄዳል

ፋይሉ የሚሠራው አራት ነገር ነው። መጀመሪያ በውኃው ውስጥ ያለውን የኬሚካል መጠን በሄንሪ ቋሚ ቁጥር፣ ማለትም ኬሚካሉ ከውኃ ወደ አየር ምን ያህል እንደሚወጣ በሚያሳየው ምጣኔ፣ አባዝቶ ከውኃው ገጽ በላይ ያለውን የጋዝ መጠን ያገኛል። ቀጥሎ ጋዙ ከበዛበት ወደ አነሰበት እየተስፋፋ፣ ማለትም በዲፊውዥን፣ በአፈሩ ውስጥ ወደ ላይ ሲወጣ የሚገጥመውን መከላከል ያሰላል። ወለሉ ሥር ሲደርስ ቤቱ ራሱ ይስበዋል፤ የቤቱ የአየር ግፊት ከአፈሩ ትንሽ ስለሚያንስ የአፈር ጋዝ በስንጥቅ ይገባል። የቀድሞዎቹ ቅጂዎች ይህን የግፊት ልዩነት 4 ፓስካል ያደርጉት ነበር። በመጨረሻ የገባው ጋዝ ከቤቱ አየር ጋር ተቀላቅሎ በአየር ለውጥ ይሳሳል። የሁሉም ውጤት አንድ የመቀነስ ምጣኔ ነው፦ ቤት ውስጥ ያለው መጠን ከውኃው በላይ ላለው የጋዝ መጠን ሲካፈል። 0.001 ከወጣ፣ ከምንጩ ሺህ አንድ እጅ ቤት ውስጥ ይገኛል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ በግምቶች ላይ ቆሟል። ጋዙ ቀጥ ብሎ ሽቅብ ይወጣል፤ ምንጩ አያልቅም፤ ኬሚካሉ በመንገድ ላይ በባክቴሪያ አይበላም፤ ቤቱ በሙሉ እንደ አንድ ክፍል ይቀላቀላል፤ ጊዜም አይለወጥም። ግምቶቹ መጥፎ አይደሉም፤ ተጠቃሚው ግን ማወቅ አለበት።

የ6.0 ቅጂ ትልቁ መሻሻል በወለሉ የሚገባውን የአፈር ጋዝ የሚያስተናግድበት መንገድ ነው። ቀድሞ ይህ ፍሰት ከአፈሩ ጋዝ አሳላፊነት ይሰላ ነበር፤ ያ ቁጥር ደግሞ ከቦታ ቦታ በብዙ መቶ እጥፍ ስለሚለያይ ሰው የፈለገውን መልስ ማውጣት ይችል ነበር። ስሌቱ ያልሆነለት ሰው የሚይዘው 5 ሊትር በደቂቃ የሚለውን ቋሚ ቁጥር ነበር። አሁን የሚጠየቀው በወለሉ የሚገባው ጋዝ ከቤቱ ጠቅላላ የአየር ፍሰት ስንት እጅ እንደሆነ ነው፤ መነሻው 0.003፣ ክልሉም ከ0.0001 እስከ 0.05 ነው። ይህ በተለኩ ቤቶች ላይ ስለተመሠረተ ለክርክር ያመቻል።

አንድ ጉድለት ግን ይዞ መጣ። ምንጩ ከወለል ሥር የተወሰደ ጋዝ ሆኖ ከገባ፣ የአየር ለውጡን ብትጨምሩም ብትቀንሱም ውጤቱ ከሞላ ጎደል አይንቀሳቀስም። ሁለቱ ፍሰቶች በምጣኔ ስለታሰሩ አንዱ ሲጨምር ሌላውም አብሮ ይጨምራል። «መስኮት ቢከፈት ምን ይሆናል» የሚለውን ጥያቄ በዚህ መንገድ ለመመለስ አትሞክሩ።

አንድ ቤት፣ ሁለት አፈር

መሣሪያውን ለመመዘን አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እናስላ። ወለሉ 10 በ10 ሜትር፣ ጣሪያው 2.44 ሜትር፣ ከመሬት በታች ክፍል የሌለው፣ በሰዓት 0.45 ጊዜ አየሩ የሚለወጥ ቤት እንውሰድ። የአየር ፍሰቱ ወደ 110 ሜትር ኩብ በሰዓት ይሆናል፤ በ0.003 ምጣኔ በወለሉ የሚገባው የአፈር ጋዝ 5.5 ሊትር በደቂቃ ነው፣ ከድሮው 5 ሊትር ብዙም አይርቅም። የወለሉ ታች ከመሬት ገጽ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ውኃው 4 ሜትር ላይ፣ የስንጥቁ ድርሻ ከወለሉ ስፋት 0.001። በውኃው ውስጥ 50 ማይክሮግራም በሊትር ቲሲኢ አለ፤ የውኃው ሙቀት 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው።

የቲሲኢ የሄንሪ ቁጥር በ25 ዲግሪ 0.403 ነው፤ በ15 ዲግሪ ወደ 0.25 ይወርዳል፣ በ10 ዲግሪ ደግሞ ወደ 0.20። ስለዚህ ከውኃው በላይ ያለው ጋዝ 12.5 ማይክሮግራም በሊትር፣ ማለትም 12,500 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ነው። እዚህች ነጥብ ላይ ሁለት ስህተት ይበዛል። አንዱ የ25 ዲግሪውን ቁጥር እንዳለ መተው ነው፤ በዚህ ምሳሌ ውጤቱን በ60 በመቶ ያሳብጠዋል። ሌላው ከሊትር ወደ ሜትር ኩብ ሲዞር 1,000 ማባዛትን መርሳት ነው፤ ይህኛው የተበከለን ቤት ንጹሕ ያስመስላል።

አፈሩ ከላይ እስከ ታች አሸዋ ነው እንበል። ፋይሉ ለአሸዋ ጠቅላላ ክፍተት 0.375፣ በውኃ የተሞላ ክፍተት 0.054 ይሰጣል። ከውኃው ገጽ ወዲያው በላይ ግን አፈሩ ውኃን የኩራዝ ክር ላምባ እንደሚስብ ሽቅብ ይስባል፤ ይህ የካፒላሪ ቀጠና በአሸዋ 17 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው፣ በውኃ የተሞላው ክፍተትም 0.253 ይደርሳል። ቲሲኢ በአየር ውስጥ የሚስፋፋበት መጠን 0.0687 ሳንቲ ሜትር ካሬ በሰከንድ ነው፣ በውኃ ውስጥ 0.0000102፤ ልዩነቱ ከ6,700 እጥፍ በላይ ነው። የአፈሩ ቀዳዳ በውኃ በተሞላ ቁጥር መንገዱ ይዘጋል። ሲሰላ 17 ሳንቲ ሜትሩ እርጥብ ቀጠና ብቻውን ከጠቅላላው መከላከል 54 በመቶውን ይይዛል፤ ከላዩ ያለው 3.68 ሜትር ደረቅ አሸዋ የቀረውን 46 በመቶ። የመቀነስ ምጣኔው 0.0004፣ የቤቱ አየር ወደ 5 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ። ከ2.1 በእጥፍ ይበልጣል።

አሁን ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትታችሁ አፈሩን ሲልት ሎም ወደሚባለው፣ ደለል ወደ በዛበት ዓይነት ቀይሩ። ክፍተቱ 0.439፣ ከቀጠናው በላይ ያለው እርጥበት 0.180፣ የካፒላሪው ከፍታ 68 ሳንቲ ሜትር፣ እርጥበቱ 0.349። ውጤቱ 0.64 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ይሆናል፤ ከመከላከሉ 87 በመቶው የዚያ 68 ሳንቲ ሜትር ነው። ያው ቤት፣ ያው ውኃ፣ ያው ጥልቀት ሆኖ ከዝርዝር ውስጥ አንድ የአፈር ስም በመለወጥ ብቻ ውጤቱ ወደ ስምንት እጥፍ ወርዶ የ2.1ን የማጣሪያ መስመር ተሻገረ። ሞዴሉ ስለ ቤቱ የሚናገረው አብዛኛው ነገር ከውኃው በላይ ባለች አንዲት እርጥብ ንጣፍ ላይ ይወሰናል። ሰው የሚጠነቀቀው ግን ለውኃው ጥልቀት ነው። እስቲ ጥልቀቱን ከ4 ወደ 8 ሜትር እጥፍ እናድርገው፦ በአሸዋው ቤት ውጤቱ ከ5 ወደ 3.5 ገደማ ይወርዳል፤ በሲልቱ ከ0.64 ወደ 0.55 ብቻ። አራት ሜትር ተጨማሪ አፈር ያመጣው ይህን ያህል ነው።

የወለሉስ ጋዝ ፍሰት? በአሸዋው ምሳሌ ምጣኔውን ከ0.003 ወደ ላይኛው ጫፍ 0.05 ብትወስዱት ውጤቱ ከ5 ወደ 5.7 ብቻ ያድጋል። አፈሩ የሚሰጠው ጋዝ ስለተወሰነ ቤቱ የቱንም ያህል ቢስብ ከዚያ በላይ አያገኝም። ወደ ታችኛው ጫፍ 0.0001 ሲወርድ ግን ውጤቱ ወደ 1.1 ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ሪፖርት ይህን ምጣኔ ከ0.003 በታች ካደረገው ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ጥቅሙ ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው። የአየር ለውጡን በግማሽ መቀነስ ደግሞ የአሸዋውን ቤት ከ5 ወደ 8.8 ያደርሰዋል። መስኮቱና በሩ በደንብ የታሸገ አዲስ ቤት ሲገጥማችሁ 0.45ን ሳትጠይቁ አትቀበሉ።

መረጃው ከየት ይመጣል

የአፈሩን ዓይነት ከመሬት ገጽ ገለጻ አትውሰዱ። የሚያስፈልገው ከውኃው በላይ ያለው የመጨረሻው ሜትር ነው። ስለዚህ ቁፋሮው ሳይቆራረጥ ናሙና እንዲያወጣ አድርጉ፣ ከዚያ ሜትር ውስጥም ቢያንስ አንድ ናሙና ለቅንጣት መጠን ምርመራ ላኩ። የቁፋሮ መዝገብ ላይ «ሸክላማ አሸዋ» የሚል ቃል ስላለ ብቻ ደቃቁን ክፍል መምረጥ በተደጋጋሚ የሚታይ ስህተት ነው። ሁለት ዓይነት ቢያጠራጥር ሻካራውን ውሰዱ፤ ደቃቁ ስለመኖሩ ማስረጃ ሲገኝ ይሻሻላል። ፋይሉ እስከ ሦስት ንብርብር ይቀበላል። ውኃው በዓመት ውስጥ ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ከፍተኛውንም ዝቅተኛውንም ለየብቻ አስሉ፤ ውኃው ሲወርድ በላይኛው አፈር ውስጥ ተይዞ የቀረው የተበከለ ውኃ ምንጩን ወደ ቤቱ ስለሚያቀርበው፣ በዝቅተኛው ወቅት የተለካውን ጥልቀት ብቻ ማስገባት ያሳስታል።

የውኃው ናሙናም እንዲሁ ነው። ትነቱ የሚነሳው ከውኃው የላይኛው ገጽ ነው። 3 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ርዝመት ያለው ውኃ ማስገቢያ ወንፊት ያለው የክትትል ጉድጓድ ግን ከላይ እስከ ታች ያለውን ውኃ ደባልቆ ይሰጣል። ከላይ የዝናብ ውኃ ንጹሕ ንጣፍ ሠርቶ ከሆነ ድብልቁ ትነቱን ያጋንናል፤ ብክለቱ ላይኛው ገጽ ላይ ከሆነ ደግሞ ያሳንሰዋል። ወንፊቱ አጭር ሆኖ የውኃውን ገጽ አቋርጦ የሚያልፍ ጉድጓድ አስቆፍሩ።

ፋይሉ በአንድ ጊዜ የሚያሰላው አንድ ኬሚካል ነው። ቲሲኢን ብቻ አስልቶ መዝጋት አደገኛ ነው፤ ቲሲኢ ከመሬት በታች ኦክስጅን በሌለበት ሲበሰብስ ቪኒል ክሎራይድን ይተዋል። እሱ ደግሞ ከወላጁ ይልቅ ከውኃ ቶሎ ይለያል፣ የማጣሪያ መጠኑም 0.17 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ብቻ ነው። በላቦራቶሪው ውጤት ላይ ያለውን እያንዳንዱን ተናኝ ኬሚካል ለየብቻ አስኪዱና ስጋቱን ደምሩ።

ከድሮ ፋይል ግብዓት ስትገለብጡ መለኪያውን አንድ በአንድ ተመልከቱ። የቀድሞዎቹ ቅጂዎች ጥልቀትን በሳንቲ ሜትር ይጠይቁ ነበር፤ ለአፈር፣ ለአፈር ጋዝና ለውኃም የተለያዩ ፋይሎች ነበሯቸው።

ውጤቱን በመስክ መፈተን

ሞዴሉን ከምንወድባቸው ምክንያቶች ዋናው ይህ ነው፦ ስህተቱ የት እንዳለ ለመለየት ይረዳል። በአሸዋው ምሳሌ ከወለሉ ሥር መገኘት ያለበት ጋዝ የቤቱ መጠን ለ0.003 ሲካፈል፣ ወደ 1,650 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ነው፤ በሲልቱ ወደ 210። አሁን ወለሉን በስተው ከሥሩ ናሙና ውሰዱ። 1,500 ገደማ ከተገኘ «ሲልት ነው» ያለው ሪፖርት የአፈር ምርጫውን ይመልስ። የወለል ሥሩ ቁጥር ከሞዴሉ ጋር ተስማምቶ የቤቱ አየር ካልተስማማ ችግሩ በአፈሩ አይደለም፤ ወይ የአየር ለውጡ፣ ወይ ስንጥቁ፣ ወይ ቤት ውስጥ ያለ ሌላ ምንጭ ነው።

የቤት አየር ሲለካ የተለመደው 6 ሊትር በሚይዝ፣ አየሩ በወጣለት የብረት ቆርቆሮ ለ24 ሰዓት መሰብሰብና ቲኦ 15 በሚባለው ዘዴ ላቦራቶሪ ማስመርመር ነው። የወለል ሥሩ፣ የቤቱና የውጭው አየር ናሙና በአንድ ጊዜ ይወሰድ። ቀለም፣ ማስቲሽ፣ የእድፍ ማስለቀቂያና ከላውንደሪ የመጣ ልብስ ቢያንስ አንድ ቀን ቀድሞ ከቤት ይውጣ፤ ያለዚያ የምትለኩት የመሬቱን ትነት ሳይሆን የቁም ሣጥኑን ነው። ማሞቂያ በሚሠራባቸው አገሮች አንዱ ልኬት በቅዝቃዜው ወቅት ይሁን፤ ሞቃት አየር ከላይ ሲወጣ ቤቱ ከታች አብዝቶ ይስባል።

ሞዴሉን የማይመጥን ቤት

የካፒላሪው ቀጠና ከቤቱ መሠረት ጋር ከተነካካ ወይም ውኃው ከመሬት በታች ያለውን የቤቱን ክፍል ካገኘው ፋይሉን ዝጉት፤ ስሌቱ ትርጉም የለውም። ኢፒኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው መመሪያም ለከርሰ ምድር ውኃ ያስቀመጠው አጠቃላይ የመቀነስ ምጣኔ 0.001 ውኃው ከመሠረቱ ከ1.5 ሜትር ባነሰ ጥልቀት ላይ ላለ ቤት እንዲውል አይመክርም። የተሰነጠቀ ዓለት ላይ የተሠራ ቤትም ከዚህ ወገን ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ቧንቧ ነው። የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዩታ ውስጥ፣ ሌይተን ከተማ፣ ከሂል አየር ኃይል ሰፈር አጠገብ የተበከለ ውኃ ላይ ያለ አንድ መኖሪያ ቤት በመለኪያ ሞልተው ለዓመታት ተከታተሉ። በቡድኑ ውስጥ ራሱ ፖል ጆንሰን ነበረበት። ያገኙት ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ የቤቱ አየር መጠን በወቅትና በቀን እጅግ ይለዋወጣል፤ ለረጅም ጊዜ ጸጥ ብሎ በቅዝቃዜው ወራት ይነሳል። ሁለተኛ፣ ከመሠረቱ ሥር የሚደርስ የመሬት ውኃ ማፋሰሻ ቧንቧ ትነቱን በአቋራጭ ያመጣ ነበር፤ ቧንቧው ሲዘጋ ወደ ቤት የሚገባው መጠን በጉልህ ቀነሰ። የቀመሩ ባለቤት በተሳተፈበት ጥናት ቀመሩ የማያውቀው መንገድ ተገኘ ማለት ነው። ለሙያው ታማኝነት ማለት ይህ ነው ብለን እናምናለን፤ ሞዴሉን የሚጠቀም ሁሉም ከስሌቱ በፊት የፍሳሽና የማፋሰሻ ቧንቧ ካርታ ማየት አለበት። ቧንቧው የተበከለውን ውኃ የሚያቋርጥ ከሆነ ውጤታችሁ የቱንም ያህል ዝቅ ቢል ቤቱን ለኩት።

ነዳጅ ሌላ ጉዳይ ነው። የነዳጅ ትነት ኦክስጅን ባለው አፈር ውስጥ ሲያልፍ በባክቴሪያ በፍጥነት ይበላል፤ ይህ ሞዴል ያን ስለማይቆጥር ለማደያ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ ያጋንናል። የኢፒኤ የ2015 የነዳጅ መመሪያ መነሻ የሚያደርገው ርቀትን ነው፦ በውኃ ውስጥ ለሟሟ ነዳጅ 6 ጫማ፣ በውኃው ላይ ለተንሳፈፈ ነዳጅ 15 ጫማ ንጹሕ አፈር። ስሌት ካስፈለገ የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት ባዮቬፐር ወይም የኢፒኤ ፒቪአይስክሪን ይሻላሉ፤ ሁለቱም ኦክስጅኑን ይቆጥራሉ። ለፈጣን የመጀመሪያ ማጣሪያ ደግሞ ቪዝል የተባለው የኢፒኤ የድረ ገጽ ማስያ ይበቃል። የመቀነስ ምጣኔውን ለውኃ 0.001፣ ለወለል ሥር ጋዝ 0.03 አድርጎ ይይዛል። በምሳሌያችን 0.001 የሚሰጠው 12.5 ማይክሮግራም ነው፤ ከአሸዋው ቤት 5 በላይ መሆኑ ለማጣሪያ የሚገባ ጥንቃቄ ነው።

ለኢትዮጵያ ቤት ለሚጠቀምበት

ፋይሉ የተሠራው ለአሜሪካ ቤትና አፈር ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ ሲውል አራት ነገር ይስተካከል። አንደኛ ከፍታው። በ2,350 ሜትር ገደማ የአየር ግፊቱ ወደ 76 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል፤ ጋዝ በአየር ውስጥ የሚስፋፋበት ፍጥነት ደግሞ ግፊቱ በቀነሰ መጠን ይጨምራል። የፋይሉ ቁጥሮች በባሕር ጠለል ግፊት የተሰጡ ናቸው። ስለዚህ የአየር ዲፊውዥኑን በ1.33 አባዙት፤ የሙቀቱን ዝቅታም ካሰላችሁ 1.25 ገደማ ላይ ያርፋል። ሁለተኛ የውኃው ሙቀት፤ ጥልቀት የሌለው ውኃ ከአካባቢው የዓመት አማካይ የአየር ሙቀት ብዙም ስለማይርቅ 25 ዲግሪን ትታችሁ የተለካውን አስገቡ።

ሦስተኛ የቤቱ አሠራር። የእኛ የምድር ወለል ብዙ ጊዜ 25 ሳንቲ ሜትር የድንጋይ ሃርድኮር ላይ የፈሰሰ 10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ነው። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ትነቱን ከወለሉ ሥር ወደ ሁሉም ክፍል ያዳርሳል፤ አንድ ጥግ ላይ ብቻ የተበከለ ግቢ ሙሉ ቤቱን ሊነካ ይችላል። ሃርድኮሩን እንደ መከላከያ አትቁጠሩት፤ የአፈሩን ውፍረት ከሃርድኮሩ ታች ጀምራችሁ ለኩ። በዚህ አሠራር የወለል ሥር ናሙና መውሰድ ቀላል ነው፤ ኮንክሪቱን ብቻ በስታችሁ በሃርድኮሩ ውስጥ ቱቦ ማስቀመጥ ይበቃል፣ ዙሪያውን ግን አየር እንዳያስገባ በደንብ ድፈኑ። ማሞቂያ የሌለበት ቤት የሚስበው ኃይልም ከቀዝቃዛ አገር ቤት ይለያል፤ እዚህ የሚያሳስበው ይልቅ ነፋስና የኩሽና ጭስ ማውጫ ማራገቢያ ነው።

አራተኛውና ከባዱ ጥቁሩ የዋልካ አፈር ነው። በክረምት ሲጠግብ ያብጥና ቀዳዳው ይዘጋል፤ ሞዴሉ «ሸክላ» ሲባል የሚሰጠው ዝቅተኛ ቁጥር ለዚያ ወቅት ሊቀርብ ይችላል። በበጋ ደግሞ በጥልቀት ይሰነጠቃል፤ ያኔ ጋዙ የሚሄደው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ሳይሆን በስንጥቁ ነው፣ ሞዴሉም ይህን አያውቅም። ስለዚህ ሁለት ጊዜ አስሉ፦ አንዴ በሸክላ፣ አንዴ የተሰነጠቀውን ንብርብር በሙሉ አሸዋ አድርጋችሁ። የወለል ሥር ናሙናውን በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይጠነክርና ስንጥቁ ገና ክፍት እያለ ውሰዱ፤ ለውሳኔ የሚቀርበው ቁጥርም የአሸዋው ይሁን።